ጀማሪ የሌለው ጉባኤ

ውድ የኔታ ወልደጊዮርጊስ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎን የጠየቅሁት ለወጉ አይደለም፣ ከልቤ ነው። ዓይንዎ ደክሞ ፊደል መለየት እንዳቃተዎ ስለሰማሁ፣ ይህን ደብዳቤ ያመጣልዎ ተማሪዬ ዘመነ ራሱ ያነብልዎታል። ለእሱም ትእዛዜን እዚሁ ልጻፍለት። ዘመነ፣ የጻፍኩትን ሁሉ እንዳለ አንብብ። የኔታን አከብራለሁ ብለህ ቃል እንዳታለሰልስ፣ መስመርም እንዳትዘል። አክብሮቱን እኔው «እርስዎ» እያልኩ ጨርሼዋለሁ፤ የቀረው ቁጣ ነው።

የተቆጣሁት በመልእክትዎ ነው። በግ ነጋዴው እንዳላማው ከደብረ ወርቅ ወደ ደጀን ሲያልፍ እኔ ዘንድ ጎራ ብሎ ቃልዎን አደረሰኝ። «የኔታ እንዲህ ብለውሃል» አለኝ። «ሙሉብርሃን ጉባኤውን ይዞ ይመለስ። ጉባኤው የኔ ነው፣ እሱም ልጄ ነው።» ደግሜ አስነገርኩት። «ሌላ ምንም አላሉም?» ብዬ ብጠይቀው «ሌላማ ምን ይላሉ? ቤቱ ጭር ብሏል እኮ፤ ያ ሁሉ አዳራሽ የእርግብ ማደሪያ ሆኗል» አለኝ። እንዳላማው ደግ ሰው ነው፤ ሆዴን ሊያባባው ብሎ ነው። እኔ ግን ሆዴ አልባባም፣ ደሜ ነው የፈላው። «ጉባኤው የኔ ነው!» የጣሉትን ዕቃ ሌላ ሰው ከመንገድ አንሥቶ ሲያጥበው ነው «የኔ ነው» የሚባለው?

ወደ እርስዎ የመጣሁበትን ዘመን ያስታውሳሉ? ከዲማ ማዶ አኮፋዳዬን አንግቼ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዤ ስመጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችው ዋርካ ጥላ ለተማሪው ሁሉ ይበቃ ነበር። ጠዋት በየጫካው ተበትነን የየራሳችንን አዲስ ቅኔ እንቆጥራለን፤ ከሰዓት ተመልሰን የቆጠርነውን በየተራ እንነግርዎታለን። እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ይሰማሉ። ጓደኛዬ አፉን ሲከፍት «ይሄ ፈንታ ነው። ፈንታ ቤት ለመምታት ሁልጊዜ ይቸኩላል» ይላሉ። አንድ ቀን እኔ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር አቋረጡኝ። «አንተ ሳትበላ ነው የመጣኸው። ድምፅህ ባዶ ነው። ሂድ፣ ከቤት ቆሎ ዝገንና ተመለስ» አሉኝ። ያን ቆሎ እየቆረጠምኩ ያለቀስኩትን ልቅሶ እናቴ ስትሞት አላለቀስኩትም። እንዲህ ያለ መምህር ነበሩ። ቁጣዬ የከፋው ለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያውም ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ምን አናደደኝ?

ተማሪው ሲበዛ ጉባኤ መክፈልም ያውቁበት ነበር። «ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ተማሪ ካያችሁ ንገሩኝ» ይሉን ነበር። የዋርካው ጥላ መለኪያዎ ነበር። ጥላው አልበቃ ያለ ዓመት ከነባር ተማሪዎችዎ ሀይለመለኮትን ጠርተው ወንበር ተክሎ እንዲያስተምር ሸኙት። እኔም ዓይኔ እያየ ነው የሸኙት። ከጀማሪው እኩሌታውን ሰጡት፣ ከፍ ያለውን ቅኔ፣ መወድስን፣ ከሚቆጥረውም እኩሌታውን። የጀማሪውን ቅኔ እየሰሙ ከሚያርሙት ከሁለቱ አስነጋሪዎችዎ አንዱን ሰጡት፣ አንዱን አስቀሩ። ሀይለመለኮት ተንበረከከ፤ እጅዎን ከራሱ ላይ ጭነው «ሂድ ልጄ፣ ወንበርህ ይጽና። ጀማሪ አይጥፋብህ። አንተም በተራህ የምትሸኘው አያሳጣህ» አሉት። የራስዎን መቋሚያ ሰጥተው እስከ ወንዙ ድረስ ሸኙት። ስንመለስ እንባዎን በጋቢዎ ጫፍ እየጠረጉ ለእኔ ያሉኝ ከጆሮዬ አይጠፋም። «ልጁን ጎጆ የሚያወጣ ገበሬ ጥጃ ብቻ ነድቶ አይሰጥም፤ በሬም ይሰጣል። እሱም ቢሆን በሬውን ሁሉ ሰጥቶ ባዶ በረት አይቀርም።»

ይህን ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ አልፈጠርኩትም።

ከዚያ ያ ስልክ መጣ። ለንግሥ የመጣ እንግዳ እርስዎ ሲቀኙ ቀርጾ ለቀቀው፤ ዓለም ሁሉ አየው። ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ተማሪ ጎረፈ። በጎ አድራጊዎች ነን ያሉ ሰዎች ካሜራ ይዘው መጥተው ያን የቆርቆሮ አዳራሽ አቆሙልን። ሲመረቅ አንዱ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ «በአገሩ ትልቁ ጉባኤ!» ሲል እርስዎ ፈገግ አሉ። የኔታ፣ ያን ፈገግታ አልወደድኩትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማን ምን ቆጠረ ብለው መጠየቅ ትተው ስንት ሆንን ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ዋርካዋም ተረሳች። አዳራሽ ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው ሰው የለ፣ ምን መለኪያ ይኖራል?

መንደሩ ግን አልሰፋም። ድሮ እያንዳንዱ ጎጆ የሚለምንበት መንደር ተለይቶ የታወቀ ነበር፤ ባለቤቷም ተማሪዋን በስሙ ትጠራው ነበር። በኋላ አንዱ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሳይጨርስ ሌላው ከኋላው ይደርሳል። ለውሻ በያዝነው ዱላ እርስ በርስ እስከ መማዘዝ ደረስን። አንድ ቀን ወይዘሮ አሰገደች፣ ያቺ ቁራሽ ከልክላ የማታውቀው፣ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «የዛሬን ተወኝ ልጄ» አለችኝ። «ጠዋት ለመጡት ሰጠሁ። እነሱ ሳይርቁ ሌሎች መጡ፤ ከልጆቼ ቀንሼ ሰጠሁ። ማዳበሪያ የጠፋ ዓመት፣ ጤፉ ቀጥኖ እንደ ቀረ አንተም አይተሃል። ብሰጥ ልጆቼ፣ ብከለክል ነፍሴ። እስቲ የኔታን ጠይቅልኝ፣ የቱን ልጉዳ?»

ጠየቅሁዎት። ምን ብለው እንደ መለሱልኝ ያስታውሳሉ? «የእመቤታችንን ስም ጠርተህ ባዶ እጅህን ከተመለስክ እምነትህ ነው የጎደለው።» ይህን መልስ ይዤ ወደ አሰገደች እንዴት እመለሳለሁ? መንገድ ቀይሬ፣ በበሯ እንዳላልፍ በገደሉ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። እሷን ያሳፈርኳት ይመስል።

ይህ ሁሉ አላነቃ ሲልዎት የዚያ መወድስ ቀን መጣ። ዘመነ፣ እዚህ ላይ ጮክ በል። ቅኔ አይደገምም፤ አንዴ ከተነገረ ተነገረ፣ ነገ ሌላ ይቆጠራል። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ከሩቅ የመጣ አንድ ተማሪ ጫካ ወርዶ ከመቁጠር ስልኩን ከፍቶ ያገኘውን መወድስ ሸምድዶ መጣና አዳራሹ መሐል ቆሞ ነገረ። እርስዎ ከወንበርዎ ብድግ አሉ። «ይበል! ይበል! ይህን ልጅ ልብ በሉት!» አሉ። የኔታ፣ ያ መወድስ የእርስዎ ነበር። ያን በስልክ የተቀረጸውን፣ በንግሡ ዕለት የተቀኙትን ነው መልሶ የነገረዎት። ነባሮቹ ሳቃቸውን ለማፈን ጋቢያቸውን ነከሱ። እኔና ፈንታ ተያየን፤ እኛ አልሳቅንም። በልጁም አልተናደድኩም። ልጁ የደፈረው ድምፁን እንደማያውቁት ስላወቀ ነው። የማንን ድምፅ ሊያውቁ ይችሉ ነበር? ስሙንስ ጠይቀውት ያውቃሉ?

በማግሥቱ ብቻዎን አገኘሁዎት። «የኔታ፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ተማሪ አለ» አልኩዎት።

«የት? አዳራሹ ሁሉን ይዞ የለ?»

«አዳራሹ ይዟል። እርስዎ አልያዙም። ጉባኤው ይከፈል፤ ለፈንታ ይስጡት፣ ለፈለጉት ይስጡት።»

«ወንበር አማረህ?» አሉኝ።

ወንበር አማረህ! ስንት ዓመት አስነጋሪዎ ሆኜ የጀማሪ ቅኔ ስሰማ፣ ስተኛም በሕልሜ ሳርም የኖርኩት ወንበር አምሮኝ ኖሯል? እኔ ያማረኝ እርስዎ ድምፄን የሚያውቁበት ያ ዘመን ነበር። ይህን ልመልስልዎት ፈልጌ ሳልመልስ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። እነሆ ዛሬ በዘመነ አፍ መለስኩልዎት።

በመጨረሻ የከፈሉት በእኔም በአሰገደችም ቃል አይደለም። የደብሩ ሽማግሌዎች ከቅዳሴ በኋላ ቁመው «ወይ ይቀነስ፣ ወይ ይነሣልን» ስላሉ ነው። ጉባኤ ደግሞ ተገዶ ሲከፈል እንዴት እንደሚከፈል አሳዩን። «የግእዝ ግስ ያልጨረሰ፣ የመጀመሪያዋን ቅኔ ጉባኤ ቃናን እንኳ ያልቆጠረ ሁሉ ከሙሉብርሃን ጋር ይሂድ። የበሰለው ከኔ ጋር ይቀራል» አሉ። አስነጋሪው ፈንታ ከመሐል ተነሥቶ «የኔታ፣ ልሂድና ላግዘው?» ሲል «ተቀመጥ! እጄን ልትቆርጠኝ ነው?» ብለው ጮኹበት። ከሚሄዱት መካከል አንዱን እየጠቆሙም «ይህማ ድንጋይ ነው፣ ውሰደው» ብለው ጉባኤውን አሳቁ።

ያ ድንጋይ ዘመነ ነው። አሁን የሚያነብልዎት።

ድምፅህን ዝቅ አታድርግ ዘመነ፣ ቀጥል። እኔ እንደ ሀይለመለኮት ተንበረከክሁ። ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅዎን ጠበቅሁ። ቆየሁ። ቀና ስል ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። «መንገድ ይመሽብሃል» አሉኝ። ያ ነበር ምርቃቴ። እንኳን እስከ ወንዙ እስከ በሩም አልሸኙኝም። በሬውን ሁሉ በበረትዎ ዘግተው ጥጃውን ብቻ ነድተው ሰጡኝ፤ ያውም ዝናብ ሊጥል ሲል።

ከደጀን ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ብዙ ያልራቀ ደብር ተቀበለን። ጎጆ እስክንቀልስ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተደራርበን ተኛን። ልጆቹ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ቅኔ ሊቆጥሩ ሲሞክሩ የከባድ መኪና ጡሩምባ ልባቸውን ይበትነዋል። እዚህ የሚለመነው የገበሬ ቤት አይደለም፣ የመንገድ ዳር ነው። ጫኝና አውራጁ ይስቅብናል። አንዲት ምሥራቅ የምትባል ምግብ ቤት ያላት ሴት ባትኖር ኖሮ አንድ ክረምትም አንዘልቅ ነበር። «መሪጌታ፣ ሹፌሮቹ ያልነኩትን እንጀራ አስቀምጥላችኋለሁ» አለችኝ። «ልጆቹ ግን ደንበኛዬ ፊት አይቁሙብኝ፣ በጓሮ በር ይምጡ። ደግሞ አንተ ይህን ሁሉ ሕፃን ብቻህን አስታቅፎ የላከህ ማነው? ልብ የለውም?» የኔታ፣ ስምዎን አልነገርኳትም። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ አፌ እምቢ አለኝ።

ብቻዬን ነበርኩ። ጠዋት ግስ እየመራሁ አስቀጽላለሁ፣ ከሰዓት ሁሉንም አንድ በአንድ እሰማለሁ፣ አርማለሁ፣ እደግማለሁ። የሚያግዘኝ አስነጋሪ የለ። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ድምፄ ጠፋ፤ ተመልሶም እንደ ድሮው አልሆነም፣ ማኅሌት ላይ ስቆም ሰው ዘወር ብሎ ያየኛል። ተራ አልደርስ ያላቸው ልጆች ተስፋ እየቆረጡ ሄዱ። ከሁሉ ጣፋጭ ድምፅ የነበረውን ልጅ በኋላ ያየሁት ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ማርቆስ! ማርቆስ! አንድ ሰው!» ሲል ነው። ሲያየኝ አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ። እርስዎ አንድ ሰው፣ ፈንታን ብቻ ቢሰጡኝ ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ መወድስ ይቀኝ ነበር። ለሥራው ክብር አለኝ፤ ግን ለዚያ አልነበረም ከእናቱ ቤት የወጣው።

ድምፄ ሲጠፋ ግድ ሆነብኝና ትናንት የተማረው ዛሬ የመጣውን እንዲሰማ አደረግሁ። ያኔ ነው ዘመነን ያወቅሁት። ቀስ ብሎ የሚገባው ሰው ነው። ግን በየትኛው እርምጃ እንደ ተሰናከለ አይረሳም፤ ሌላው እዚያ ሲደርስ እጁን ይዞ ያሻግረዋል። ድንጋይ ነው ብለው ነበር። ድንጋይ ላይ የተጻፈ ዝናብ አያጥበውም የኔታ። ከእሱና ከጓደኛው ከአንተነህ የተሻለ አስነጋሪ እርስዎም ዘንድ አላየሁም፣ ፈንታን ጨምሮ።

እርስዎ ደግሞ «የበሰለው ከኔ ጋር ይቀራል» ብለው ነበር። የበሰለ ይቀራል እንዴ? የበሰለ ይታጨዳል፣ ይሄዳል። አንዱ ጨርሶ ሄደ፣ ሌላው ተከተለው፤ ፈንታም ማርቆስ ገብቶ ትዳር ያዘ አሉ። «እዚያ ጀማሪ ያባርራሉ» የሚል ወሬ አገሩን ስለሞላው ከታች የሚተካ አልመጣም። ጀማሪ የሌለው ጉባኤ ጨራሽ ብቻ ነው ያለው፤ ያልቃል። ይህን ለመረዳት መምህር መሆን አያስፈልግም፤ ከብት ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። እርስዎም ያውቁት ነበር። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ይቅር ባልኩ።

አሁን መልሴን ይስሙ። አልመለስም። ጉባኤው የእርስዎ አይደለም፤ የኔም አይደለም።

ባለፈው ሰሞን ከባሕር ዛፉ ጥላ ወጥቶ፣ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ተማሪ አየሁ። ሌላው ቀን ሁለት ሆኑ። ምሥራቅም እንጀራውን ስታቀብል እጇ ዘገየብኝ፤ አሰገደችን አየሁባት። አዳራሽ እንሥራልህ ያሉኝም መጥተው ነበር፤ አመስግኜ ሸኘኋቸው። ጊዜው ደርሷል አልኩ። የት ልላካቸው ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ነው እንዳላማው መልእክትዎን ይዞ የመጣው። ስናደድ ሰነበትኩና ሊመለስ ሲል መንገድ ላይ ጠብቄ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «አሰገደች እንዴት ናት?»

«አሰገደችማ» አለኝ፣ «ዘንድሮ አዝመራው ሠምሮላት፣ ‹ተማሪ የሚባል ከደጄ ጠፋ፣ ምን በድለን ይሆን?› እያለች ታለቅሳለች።»

እንግዲህ ይስሙኝ። ከጀማሪው እኩሌታውን፣ ጉባኤ ቃና ከሚቆጥረው እኩሌታውን፣ መወድስ ከደረሰውም እኩሌታውን ለይቻለሁ። ከሁለቱ አስነጋሪዎቼ አንተነህን አስቀርቼ ዘመነን ሰጥቻለሁ። የሚሻለው ዘመነ ነው። የሚሻለውን የሰጠሁት እያመመኝ ነው፤ ያመመኝም በትክክል ስለሰጠሁ ነው። የተላኩት ወደ እርስዎ ነው። ስለራራሁልዎት አይምሰልዎ። የተላኩት ለዋርካዋና ለአሰገደች በር ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅኔ እንደ እርስዎ የሚሰማ ሰው በአገሩ ስለሌለ ነው። ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው።

አዳራሹን ለእርግቦቹ ይተዉላቸው። ልጆቹን ዋርካዋ ሥር ያስቀምጧቸው። ዓይንዎ ባያይ ግድ የለም፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሲኖር ዘመነ ይነግርዎታል። ያኔ «ወንበር አማረህ?» እንዳይሉት። ከሁሉም እኩሌታ ይስጡትና እጅዎን ከራሱ ላይ ጭነው ይሸኙት። እኔ ከዚህ ሲነሣ መርቄዋለሁ። ለሀይለመለኮት ያሉትን ቃል በቃል አልኩለት፤ ለእኔ ያልተባለልኝን ለሌላ ስናገር የጠፋው ድምፄ ጭራሽ ተዘጋ፣ ልጆቹ ከጉንፋን ቆጠሩት። እስከ አስፋልቱ ሸኝቻቸው ዓይኔ እስኪያጣቸው ቆሜያለሁ።

ይቅር አላልኩዎትም። ምናልባት አንድ ቀን እል ይሆናል። ዛሬ ግን አይደለም።

ዘመነ፣ ጨርሰሃል። ወረቀቱን አጥፈህ አስቀምጥ። ደጅ የቆሙትን ጥራቸው፤ ጀማሪዎቹ ይቅደሙ። የየኔታን ጉልበት ስመው ይቀመጡና አንድ በአንድ ይንገሩ። ስማቸውን ለየኔታ አትንገር፤ በድምፃቸው ይወቋቸው።

ያልመረቁት ልጅዎ፣
ሙሉብርሃን